ከደመወዝተኛነት ወደ ኮንትራክተርነት፦ የመጀመሪያውን የግብር ዓመት በአሜሪካ እንዴት መያዝ ይቻላል?

ደመወዝተኛ ሆኖ የቆየ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ግብር ከፍሏል፤ ግብር አስልቶ ግን አያውቅም። የሚያሰላው፣ ከየደመወዙ የሚቆርጠውና ለመንግሥት የሚያስገባው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የሚያየው በየሁለት ሳምንቱ ባንክ የሚገባለትን የተጣራ ገንዘብ ነው። በጃንዋሪ የዓመቱን ደመወዝና የተቆረጠውን ግብር የሚያሳይ ደብሊው-2 የተባለ ወረቀት ይደርሰዋል፣ ብዙ ጊዜም ጥቂት ተመላሽ ያገኛል። ይህን የለመደ ሰው በውል ወደሚሠራ ኮንትራክተርነት ሲዞር ክፍያው በድንገት የጨመረ ይመስለዋል። የጨመረ የሚመስለው ምንም ሳይቆረጥለት ስለደረሰው ነው፤ ከውስጡ የመንግሥት ድርሻ ገና አልወጣም።

ይህ መመሪያ በዩናይትድ ስቴትስ በዓመቱ መካከል ከተቀጣሪነት ወደ ኮንትራክተርነት ለሚሸጋገሩ ነው። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ስሌቱ የሚሠራው በ2025 ቁጥሮች ነው። አብዛኛው ሰው የሚፈራው የሽግግሩን ዓመት ነው። በእኔ አስተያየት ግን ያ ዓመት ሕጉ የሚያግዝዎት ዓመት ነው። ያለፈው ዓመት ግብርዎ የተሰላው በደመወዝ ብቻ ስለሆነ፣ ከቅጣት ለመዳን በዓመቱ ውስጥ መክፈል ያለብዎት ዝቅተኛ መጠን የሚለካው በዚያ አነስተኛ ቁጥር ነው። እውነተኛው ፈተና የሚመጣው በቀጣዩ ኤፕሪል ሲሆን የሚያሸንፈውም አስቀድሞ የጠበቀው ሰው ነው።

በእርግጥ ኮንትራክተር ነዎት?

አንዳንድ ድርጅቶች ሠራተኛውን «ከዛሬ ጀምሮ ኮንትራክተር ነህ» ብለው ስሙን ብቻ ይቀይራሉ። ሰውየው በዚያው ሰዓት ይገባል፣ በዚያው አለቃ ይታዘዛል፣ በድርጅቱ ኮምፒውተር ይሠራል፤ የተለወጠው ግብሩን የሚሸከመው ብቻ ነው። ሕጉ ግን ውሉ ላይ ከተጻፈው ስም ይልቅ ግንኙነቱን ያያል። የፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት፣ አይአርኤስ፣ ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፦ ሥራው እንዴት እንደሚሠራ የሚወስነው ማን ነው? ወጪውን፣ መሣሪያውንና ትርፍና ኪሳራውን የሚሸከመው ማን ነው? ግንኙነቱስ ጥቅማ ጥቅም ያለው፣ ማብቂያው ያልተወሰነ የቅጥር ዓይነት ነው ወይስ ለተወሰነ ሥራ የተገባ ውል?

መልሱ ወደ ቅጥር ካጋደለ ኤስኤስ-8 በተባለው ቅጽ አይአርኤስን ውሳኔ መጠየቅ ይቻላል። 8919 የተባለው ቅጽ ደግሞ፣ ሁኔታው ሲፈቅድ፣ የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን የጤና መድን) መዋጮን የሠራተኛውን ድርሻ ብቻ ለመክፈል ያስችላል። ኤስኤስ-8 ማስገባት ከድርጅቱ ጋር ያለውን ግንኙነት ሊያሻክር ስለሚችል ውሳኔው የራስዎ ነው። ልዩነቱን ሳያውቁ መፈረም ግን አይገባም።

ሥራ ከመልቀቅዎ በፊት

የመጨረሻውን የደመወዝ ዝርዝር ወረቀት አውርደው ያስቀምጡ። ከለቀቁ በኋላ የሠራተኛ መግቢያው ሊዘጋብዎት ይችላል። ከወረቀቱ የሚፈልጉት፣ ከዓመቱ መጀመሪያ ጀምሮ የተቆረጠውን የፌዴራል የገቢ ግብር ድምር ነው። ደብሊው-2 እስከ ጃንዋሪ 31 ሊላክልዎ ይገባል፤ ነገር ግን ስሌቱን የሚጀምሩት ከዚያ በፊት ነው።

የመልቀቂያ ቀንዎን አስቀድመው ካወቁ አንድ ጠቃሚ መንገድ አለ። አሠሪው ምን ያህል ግብር እንደሚቆርጥ የሚያሳውቀውን፣ ደብሊው-4 የተባለውን ቅጽ አዲስ ሞልተው፣ በመስመር 4(ሲ) ላይ ከቀሩት ደመወዞች ተጨማሪ ግብር እንዲቆረጥ ማዘዝ ይቻላል። ሕጉ ከደመወዝ የተቆረጠ ግብርን፣ እርስዎ ሌላ ምርጫ ካላደረጉ በስተቀር፣ በዓመቱ አራት የክፍያ ቀኖች እኩል እንደተከፈለ ይቆጥረዋል። በጁን የተቆረጠ ተጨማሪ ግብር የኤፕሪሉንም ጉድለት ይሸፍናል ማለት ነው። እርስዎ ራስዎ በሩብ ዓመቱ የሚከፍሉት ግምታዊ ግብር ይህ ጥቅም የለውም፤ የሚቆጠረው ከተከፈለበት ቀን ጀምሮ ነው። የትዳር ጓደኛዎ ተቀጣሪ ከሆኑና ግብሩን በጋራ የምታሳውቁ ከሆነ፣ ይኸው መንገድ በእርሳቸው ደመወዝ በኩል ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው። በየሩብ ዓመቱ መክፈልን መርሳት የሚፈራ ቤተሰብ ይህን ቢመርጥ አልፈርድበትም።

የጡረታ ቁጠባዎን፣ ማለትም 401(ኬ)ውን፣ በጥሬ ገንዘብ አያውጡት። ሥራ የለቀቀ ሰው ለመነሻ የሚሆን ገንዘብ ሲፈልግ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ሆኖም ገንዘቡ በእጅ ሲወጣ 20 በመቶው ወዲያው ይያዛል፤ ሙሉው መጠን በዓመቱ ገቢ ላይ ይደመራል፤ ዕድሜዎ 59 ዓመት ተኩል ካልሞላና ከልዩ ሁኔታዎች አንዱ ካልተሟላ ደግሞ ተጨማሪ 10 በመቶ ይጣልበታል። ባለበት ሊተዉት ወይም በቀጥታ ወደ ሌላ የጡረታ ሒሳብ ሊያዛውሩት ይችላሉ።

የጤና መድንም ቀነ ገደብ አለው። መንግሥት ባዘጋጀው የጤና መድን ገበያ በኩል ልዩ የመመዝገቢያ ጊዜ ለማግኘትም ሆነ ኮብራ በተባለው ሕግ የቀድሞውን የአሠሪ መድን ለማስቀጠል ያለዎት ጊዜ በአብዛኛው 60 ቀን ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት

ለሥራው ብቻ የሚሆን የባንክ ሒሳብ ይክፈቱ፤ አጠገቡም የግብር ገንዘብ ብቻ የሚቀመጥበት የቁጠባ ሒሳብ። ብቻዎን የሚሠሩ ከሆነ ሕጉ ይህን አያስገድድዎትም። ነገር ግን የቤት አስቤዛና የሥራ ወጪ በአንድ ካርድ ተቀላቅሎ ማርች ላይ ሲለቃቀም የሚፈጀውን ጊዜ ያየ ሰው ሁለተኛ አያደርገውም። ክፍያ በገባ ቁጥር፣ በዚያው ዕለት፣ ከተጣራው ትርፍ ከ25 እስከ 30 በመቶ ወደ ግብሩ ሒሳብ ያዛውሩ። የወጪው መጠን እስኪታወቅ ድረስ ከጠቅላላው ክፍያ ላይ ማስቀመጡ ይሻላል፤ ቢተርፍ የራስዎ ነው።

ደንበኞችዎ ስምዎንና የግብር መለያ ቁጥርዎን የሚሰጡበትን ደብሊው-9 የተባለ ቅጽ እንዲሞሉ ይጠይቁዎታል። በሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ፈንታ የድርጅት መለያ ቁጥር መጻፍ ከፈለጉ በአይአርኤስ ድረ ገጽ በነጻ ይሰጣል። ለዚሁ ገንዘብ የሚያስከፍሉ ገጾች አሉ፤ ይለፏቸው።

በዚህ ጊዜ ከዘመድ ከወዳጅ የሚመጣው ምክር «ቶሎ ኤልኤልሲ አቋቁም፣ ግብር ይቀንስልሃል» የሚል ነው። ኤልኤልሲ የባለቤቱን የግል ንብረት ከድርጅቱ ዕዳ የሚለይ የድርጅት ዓይነት ነው። አንድ ባለቤት ብቻ ያለው ኤልኤልሲ፣ ሌላ ምርጫ ካላስገባ በስተቀር፣ ለፌዴራል የገቢ ግብር ሲባል እንደሌለ ይቆጠራል፤ ትርፉ በባለቤቱ የግብር ቅጽ ላይ የግል ሥራ ትርፍና ኪሳራ በሚሞላበት በዚያው ክፍል፣ በስኬጁል ሲ፣ ይወጣል፣ የሚከፈለውም ያው ነው። ከተጠያቂነት ለመከላከል ጠቃሚ ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

መዝገብ መያዝ

ገቢ የሚባለው የደረሰዎት ሁሉ ነው። 1099-ኤንኢሲ የተባለው ወረቀት የሚላከው አንድ ደንበኛ በዓመቱ 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ሲከፍልዎ ነበር፤ ከ2026 ጀምሮ ለሚፈጸሙ ክፍያዎች መነሻው 2,000 ዶላር ሆኗል። ወረቀት አልመጣም ማለት ግን ገቢው ግብር የለበትም ማለት አይደለም። የግል ሥራ የተጣራ ገቢዎ 400 ዶላር ከደረሰ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ በጥሬ ገንዘብም ይሁን በስልክ የተላከ። በራይድ መተግበሪያ ለሚሠሩ አሽከርካሪዎች ደግሞ ተቃራኒው ያጋጥማል፦ ኩባንያው በሚልከው 1099-ኬ በተባለው የክፍያ ወረቀት ላይ የሚሰፍረው ተሳፋሪው የከፈለው ጠቅላላ ሒሳብ በመሆኑ እጃቸው ከገባው ይበልጣል። ኩባንያው የወሰደውን ኮሚሽን በወጪ በኩል ካልቀነሱት፣ ባልደረሳቸው ገንዘብ ላይ ግብር ይከፍላሉ።

በወጪ በኩል መለኪያው፣ ለሥራው የተለመደና ጠቃሚ መሆኑ ነው። ስልክ ለሥራም ለግልም የሚያገለግል ከሆነ የሥራው ድርሻ ብቻ ይቀነሳል። ከቤትዎ አንድ ክፍል ለሥራ ብቻና በመደበኛነት የሚውል ከሆነ በቀላሉ ዘዴ በካሬ ጫማ 5 ዶላር፣ እስከ 300 ካሬ ጫማ፣ ማለትም እስከ 1,500 ዶላር ይያዛል። ማታ ማታ ቤተሰብ የሚበላበት ጠረጴዛ ግን ቢሮ አይሆንም። ከደንበኛ ጋር ለሥራ የተበላ ምግብ በግማሹ ይያዛል፤ ብቻዎን የበሉት የዘወትር ምሳ አይያዝም።

ብዙ ገንዘብ የሚጠፋው በመኪናው መዝገብ ነው። በ2025 ለሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል 70 ሳንቲም ይቀነሳል። ይህ ቁጥር ነዳጁን፣ ጥገናውን፣ ኢንሹራንሱንና የመኪናውን ማርጀት ያጠቃልላል፤ ስለዚህ ማይሉን ይዘው የነዳጅ ደረሰኝ መደመር አይቻልም። የማቆሚያና የመንገድ ክፍያ ለብቻው ይቀነሳል። መዝገቡ በዕለቱ መጻፍ አለበት። አንድ መስመር ይበቃዋል፦ «ሴፕቴምበር 9፣ ከመጀመሪያው ክሊኒክ ወደ ሁለተኛው፣ ለትርጉም ቀጠሮ፣ 14 ማይል።» ቀን፣ ቦታ፣ ምክንያት፣ ርቀት። በኤፕሪል በትዝታ የተሞላ፣ በየቀኑ ልክ 40 ማይል የሚል ሰንጠረዥ ምርመራ ቢመጣ ብዙ አያስጥልም። ከቤት ወደ ቋሚ የሥራ ቦታ የሚደረግ የዘወትር ጉዞም አይያዝም።

እዚህ ላይ ግብር አዘጋጆች ብዙ ጊዜ የማይነግሩትን ላንሳ። ወጪን እስከ ጥግ ማስፋት፣ እውነት ቢሆን እንኳ፣ ዋጋ አለው፤ ውሸት ከሆነ ደግሞ ዋጋው እጥፍ ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት በአብዛኛው 40 ክሬዲት፣ ማለትም በሥራ ገቢ የሚሰበሰብ ነጥብ፣ ያስፈልጋል፤ በዓመት የሚገኘው ቢበዛ አራት ነው። በ2025 አንድ ክሬዲት የሚገኘው በ1,810 ዶላር ገቢ ስለሆነ አራቱን ለማግኘት 7,240 ዶላር ይጠይቃል። ስኬጁል ሲው ላይ ትርፉን ወደ ዜሮ ያወረደ ሰው ለዚያ ዓመት ክሬዲት አያገኝም። በጎልማሳነት ወደዚህ አገር ለመጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቤት ለመግዛት ሲያመለክቱም አበዳሪው የሚጠይቀው በተለምዶ የሁለት ዓመት የግብር ቅጽ ነው፤ የሚያየውም የገባውን ሳይሆን የተጣራውን ትርፍ ነው።

ስሌቱ

ኮንትራክተር የሚከፍለው ሁለት ዓይነት የፌዴራል ግብር ነው። አንዱ ተቀጣሪም የሚከፍለው የገቢ ግብር ነው። ሁለተኛው የግል ሥራ ግብር የሚባለው፣ ማለትም የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር መዋጮ ነው። ተቀጣሪ ሳሉ ከደመወዝዎ 7.65 በመቶ ይቆረጥ ነበር፤ አሠሪውም ከራሱ ሌላ 7.65 በመቶ ይጨምር ነበር። አሁን ሁለቱም የእርስዎ ናቸው፦ 12.4 በመቶ ለሶሻል ሴኩሪቲ፣ 2.9 በመቶ ለሜዲኬር፣ በድምሩ 15.3 በመቶ። ስሌቱ የሚያርፈው በተጣራው ትርፍ 92.35 በመቶ ላይ በመሆኑ ትክክለኛው ጫና ከትርፉ 14.13 በመቶ ገደማ ነው፤ ግማሹም ከገቢ ግብር ስሌት ላይ ይቀነሳል። የሶሻል ሴኩሪቲው ክፍል በ2025 ከ176,100 ዶላር በላይ ባለ ገቢ ላይ አይሰላም፤ በዚያው ዓመት ያገኙት ደመወዝም ከዚህ ጣሪያ ውስጥ ይቆጠራል።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ያላገባች የሕክምና አስተርጓሚ በዓመት 60,000 ዶላር ደመወዝ ነበራት እንበል። እስከ ጁን 2025 መጨረሻ በተቀጣሪነት ሠርታ 30,000 ዶላር አገኘች፤ ከዚህ 2,536 ዶላር የፌዴራል የገቢ ግብር ተቆርጦላታል። ከጁላይ ጀምሮ በኮንትራክተርነት ሠርታ እስከ ዲሴምበር 42,000 ዶላር ገባላት። ወጪዋ እንዲህ ነው፦ 5,000 ማይል በ70 ሳንቲም 3,500 ዶላር፣ ኮምፒውተር 1,400፣ የሙያ ኢንሹራንስና የምስክር ወረቀት 620፣ የስልክ የሥራ ድርሻ 480። በድምሩ 6,000 ዶላር። የተጣራ ትርፏ 36,000 ዶላር ሆነ።

የግል ሥራ ግብሯ፦ 36,000 ሲባዛ በ0.9235 ይሆናል 33,246፤ የዚህ 15.3 በመቶ 5,087 ዶላር ነው። ግማሹ፣ 2,544 ዶላር፣ ተቀናሽ ይሆናል።

የገቢ ግብሯ፦ ደመወዙና ትርፉ ሲደመሩ 66,000። ከዚህ 2,544 ሲቀነስ 63,456 ይቀራል። ላላገባ ሰው የ2025 መደበኛ ተቀናሽ 15,750 ሲወጣ 47,706። ቀጥሎ ብዙዎች ሳያውቁት የሚያልፉት ተቀናሽ አለ፦ በ2017 በወጣው የግብር ሕግ የተጀመረውና በ2025 ቋሚ የተደረገው፣ ከንግድ ትርፍ 20 በመቶውን ከግብር የሚያስቀረው ተቀናሽ። ለእርሷ የሚሰላው 36,000 ሲቀነስ 2,544፣ ማለትም በ33,456 ላይ ነው፤ 20 በመቶው 6,691። የሚቀረው ግብር የሚከፈልበት ገቢ 41,015 ዶላር ነው። በመጀመሪያው 11,925 ላይ 10 በመቶ፣ በቀረው ላይ 12 በመቶ ሲሰላ 4,683 ዶላር ይመጣል።

ጠቅላላው 9,770 ዶላር ሆነ። ከደመወዟ የተቆረጠው 2,536 ሲነሳ ልትከፍለው የሚቀራት 7,234 ዶላር ነው። ይህ ከ36,000ው ትርፍ 20 በመቶ ገደማ ነው፤ የስቴት ግብር ሲጨመርበት ከላይ ያልኩት ከ25 እስከ 30 በመቶ ከየት እንደመጣ ይታያል። እዚህ ላይ የግል ሥራ ግብሯ ከገቢ ግብሯ እንደሚበልጥ ልብ ይበሉ። «ገቢዬ አነስተኛ ስለሆነ ግብር አይመጣብኝም» የሚል ኮንትራክተር የሚወድቀው እዚህ ነው፤ መደበኛው ተቀናሽ ከግል ሥራ ግብር አንዲት ሳንቲም አይቀንስም።

በየሩብ ዓመቱ ምን ያህል፣ መቼ?

ይህች ሴት 7,234 ዶላሩን በሙሉ በዓመቱ ውስጥ የመክፈል ግዴታ የለባትም። በዓመቱ መጨረሻ ሳይከፈል የቀረው ግብር ከ1,000 ዶላር በታች ከሆነ ቅጣት የለም። ከዚያ ከበለጠ፣ በዓመቱ ውስጥ በየጊዜው የከፈሉት ከሁለቱ ከአነስተኛው ጋር ከተስተካከለ ከቅጣት ይድናሉ፦ የዘንድሮው ግብር 90 በመቶ ወይም ያለፈው ዓመት ግብር 100 በመቶ። ያለፈው ዓመት የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢዎ ከ150,000 ዶላር በላይ ከነበረ 100 የሚለው 110 ይሆናል።

የዘንድሮውን መገመት ለጀማሪ ኮንትራክተር ጥንቆላ ነው። ያለፈው ግን ተጽፎ ተቀምጧል። የ2024ቱን 1040 ቅጽ፣ ማለትም ዓመታዊውን የግብር ማሳወቂያ፣ ያውጡና መስመር 24ን፣ ጠቅላላ ግብር የሚለውን፣ ይመልከቱ። የአስተርጓሚዋ የ2024 ግብር በ60,000 ደመወዝ 5,216 ዶላር ነበር። ከዚህ 2,536ቱ ከደመወዝ ተቆርጦ ገብቷል። ስለዚህ በዓመቱ ውስጥ ልትጨምር የሚገባት 2,680 ዶላር ብቻ ነው። የቀረውን 4,554 ዶላር ያለ ቅጣት እስከ ኤፕሪል 15፣ 2026 በቁጠባ ሒሳቧ ማቆየት ትችላለች፤ ወለዱም የእርሷ ነው። ማቆየት ስል ማቆየት ማለቴ ነው፤ መበደር አይደለም።

የክፍያ ቀኖቹ ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና የቀጣዩ ዓመት ጃንዋሪ 15 ናቸው፤ ቅዳሜ፣ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋሉ ወደ ቀጣዩ የሥራ ቀን ይሸጋገራሉ። ሩብ ዓመት ይባሉ እንጂ እኩል አይደሉም፤ በሁለተኛውና በመጀመሪያው መካከል ያለው ሁለት ወር ብቻ ነው። ጁን 15 ሰዉን ሳይዘጋጅ የሚይዘው ለዚህ ነው።

የ5,216 ሩቡ 1,304 ነው። እስከ ሴፕቴምበር 15 የሦስቱ ድምር 3,912 መሆን ስላለበት፣ ከደመወዝ የገባው 2,536 ሲነሳለት በሴፕቴምበር 1,376 ትከፍላለች፤ በጃንዋሪ 1,304። በዓመቱ መጨረሻ 2210 የተባለውን ቅጽ ሲሞሉ የደመወዙ ግብር በትክክል በተቆረጠባቸው ቀኖች እንዲቆጠር መምረጥ ይቻላል፤ ለእርሷ የሚበጃት ይህ ነው፣ ሁሉም የተቆረጠው በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ስለሆነ። እንዲህም ሆኖ በጁን 300 ዶላር የማይሞላ ጉድለት ሊታይ ይችላል። ገቢው በዓመቱ ሁለተኛ አጋማሽ የመጣ መሆኑን የሚያሳየው የዚያው ቅጽ ክፍል፣ ስኬጁል ኤአይ፣ ይህን ሊያጠፋው ይችላል። ነገር ግን ቅጣቱ በመሠረቱ ወለድ ነው፤ በ2025 በዓመት 7 በመቶ ነበር። ለጥቂት ዶላር ሲባል አንድ ሙሉ ገጽ መሙላቱ አዋጪ መሆኑን ራስዎ ይፍረዱ።

ክፍያውን በአይአርኤስ ድረ ገጽ በቀጥታ ከባንክ ሒሳብ መፈጸም ይቻላል። ሁለት ነገር በጥንቃቄ ይምረጡ፦ የክፍያው ምክንያት ግምታዊ ግብር፣ ማለትም 1040-ኢኤስ መሆኑን፣ እና የግብር ዓመቱን። በጃንዋሪ 2026 የሚከፈለው የ2025 ነው። ዓመቱ ከተሳሳተ ገንዘቡ አይጠፋም፤ ነገር ግን በሌላ ዓመት ሥር ስለሚቀመጥ ለማስተካከል ደብዳቤ መጻጻፍ ይመጣል። ማረጋገጫ ቁጥሩን ያስቀምጡ።

ስቴትዎንም አይርሱ። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳና ዋሽንግተን ስቴትን ጨምሮ በሥራ ገቢ ላይ ግብር የማይጥሉ ስቴቶች አሉ፤ አብዛኞቹ ግን ይጥላሉ፤ የራሳቸው ቅጽና ቀንም አላቸው። ለምሳሌ ቨርጂኒያ የመጀመሪያውን ግምታዊ ክፍያ የምትጠብቀው ሜይ 1 ነው።

ቅጹን ማስገባት

1040ው ላይ ስኬጁል ሲ ትርፉን፣ ስኬጁል ኤስኢ የግል ሥራ ግብሩን፣ 8995 የ20 በመቶውን ተቀናሽ ይይዛሉ። የጤና መድንዎን ራስዎ የሚከፍሉ ከሆነና በትዳር ጓደኛ አሠሪ በኩል መድን የማግኘት መብት ካልነበርዎ፣ ክፍያው ስኬጁል አንድ ላይ ይቀነሳል። ሴፕ የተባለውን የጡረታ ሒሳብ ቅጹን እስከሚያስገቡበት ቀነ ገደብ፣ ማራዘሚያ ካለም እስከዚያ ድረስ፣ ከፍቶ ማስገባት ይፈቀዳል፤ መጠኑ በግርድፉ ከተጣራ የግል ሥራ ገቢ እስከ 20 በመቶ ይደርሳል። ሁለቱም የሚቀንሱት የገቢ ግብሩን ነው፤ የግል ሥራ ግብሩን አይነኩም።

ማራዘሚያ ከጠየቁ ቅጹን እስከ ኦክቶበር 15 ማስገባት ይችላሉ፤ የተራዘመው ግን ማስገባቱ እንጂ መክፈሉ አይደለም። ገንዘብ ባይኖርዎ እንኳ ቅጹን በጊዜው ያስገቡ። አለማስገባት ካልተከፈለው ግብር ላይ በየወሩ 5 በመቶ ያስቀጣል፣ እስከ 25 በመቶ ድረስ፤ አስገብቶ አለመክፈል ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው። ደንግጦ ዝም ከማለት የከፋ ነገር የለም። ዕዳው ከ50,000 ዶላር የማይበልጥ ግለሰብ በአይአርኤስ ድረ ገጽ በየወሩ የመክፈል ስምምነት መጠየቅ ይችላል።

ደረሰኞቹንና የማይል መዝገቡን ቢያንስ ሦስት ዓመት ያቆዩ። ከሩብ በላይ ገቢ ሳይገለጽ ከቀረ አይአርኤስ ስድስት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ ይችላል።

ሁለተኛው ኤፕሪል

አሁን ወደ አስተርጓሚዋ እንመለስ። ኤፕሪል 15፣ 2026 ከ2025 የቀረውን 4,554 ዶላር ትከፍላለች። በዚያው ቀን የ2026 የመጀመሪያው ግምታዊ ክፍያም ይደርሳል። ባለፈው ዓመት መለኪያዋ የነበረው 5,216 ነበር፤ አሁን ያለፈው ዓመት ግብሯ 9,770 ሆኗል፣ ከደመወዝ የሚቆረጥላትም የለም። ሩቡ 2,443 ዶላር ነው። በአንድ ቀን ከሒሳቧ የሚወጣው 6,997 ዶላር፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ሌላ 2,443።

ብዙ ኮንትራክተር የሚንገዳገደው በዚህ ቀን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ይህ ነው፦ የአሮጌውን ዓመት ዕዳ ለመክፈል የአዲሱን ዓመት ገንዘብ ይጠቀማል፣ ከዚያ ዓመቱን ሙሉ አንድ ሩብ ወደ ኋላ እየቀረ ይሮጣል። መፍትሔው ከጁላይ 2025 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ከ36,000ው ትርፍ 30 በመቶ ብታስቀምጥ 10,800 ዶላር ይሆናል፤ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ የከፈለችው 2,680 ሲነሳ 8,120 ይቀራታል። የስቴቷ ግብር ከዚህ መውጣቱ አይቀርም፤ ለዚያም ነው ከጃንዋሪ 2026 ወዲህ የሚገባውን ገቢ 30 በመቶ ማስቀመጥ ሳታቋርጥ መቀጠል ያለባት።

የ2026 ሥራዋ ከቀነሰ ግን በ9,770 አትታሰር። ያለፈው ዓመት ቁጥር ከቅጣት የሚያድን ከለላ ነው፤ የግድ መከፈል ያለበት ዕዳ አይደለም። ገቢዋ በግልጽ ዝቅ ካለ በጁን ወይም በሴፕቴምበር ስሌቱን እንደገና ሠርታ፣ የዘንድሮውን ግብር 90 በመቶ መሠረት አድርጋ የቀሩትን ክፍያዎች ማሳነስ ትችላለች።